የሚያንኮራፋ ልጅ እንቅልፍ አልጠገበም! «ሰነፍ»፣ «ፈዛዛ»፣ «ዱካክ የሚጫነው» ከማለታችሁ በፊት ሌሊቱን አዳምጡት



ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። የምቆጣው በእናንተ ብቻ አይደለም። በመምህራንም፣ በእኛ በሐኪሞችም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በራሴ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ሲተኛ የሚያንኮራፋ፣ ቀን ቀን ደግሞ ፊቱ የጠቆረ ልጅ ቤታችሁ ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከታች የማወራላችሁ ልጅ አንድ ልጅ አይደለም። ከአሰላ፣ ከሳጉሬ፣ ከኢተያና ከቦቆጂ በኩል ከመጡ ልጆች ታሪክ ያቀናበርኩት ነው፤ ማንም ተለይቶ እንዳይታወቅ።

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። እናቱ እጁን ይዛ ገባችና እንዲህ አለች፦

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ጠፋብኝ። ድሮ ከኳስ ሜዳ ጎትቼ ነበር የማስገባው። አሁን ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሲጠሩት ያለቅሳል፣ ሲነኩት ይማታል። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ይተኛል እያለ ሁለቴ አስጠራኝ። በዚህ ዕድሜው አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። አያቱ ዱካክ ነው የሚጫነው ትላለች። አባቱ ደግሞ ስንፍና ነው ብሎ ይገርፈዋል።»

አንዷ እናት ጠበል ወስጄዋለሁ ትለኛለች፤ ሌላዋ ቁርኣን አስቀርቼበታለሁ ትለኛለች። በጸሎቱ አልጣላም። ጥያቄዬ ሌላ ነበር።

«ሌሊት እንቅልፉ እንዴት ነው?»

እናት ሳቀች። «ኧረ በእንቅልፍስ አይታማም! እንደ አባቱ ነው የሚያንኮራፋው። ግድግዳ አልፎ ለጎረቤት ይሰማል።»

ልጁን አፍህን ክፈት አልኩት። ሁለቱ ቶንሲሎች መሃል ላይ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ካርዱን ገለጥኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ታይቷል። አምስቱንም ጊዜ «ቶንሲል» ተብሎ ተጽፎለታል፤ አምስቱንም ጊዜ አሞክሳሲሊን ታዞለት ወደ ቤቱ ሄዷል። «ሌሊት እንዴት ይተኛል?» ብሎ የጠየቀ አንድም የለም።

እንዲህ ካሉት ካርዶች በአንዱ ላይ የእኔ የእጅ ጽሑፍ አለ።

ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያዘነ፣ የተነጫነጨ፣ ከጨዋታ የራቀ፣ በትምህርቱ የወደቀ ልጅ ሁሉ ስም ከመውጣቱ በፊት እንቅልፉ መታየት አለበት። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ ልጅ ተኝቷል አይባልም። ሌሊቱን ሙሉ አየር ለማግኘት ሲታገል ያድራል።

■ ሌሊት ምን እየሆነ ነው?

በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቶንሲሎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከአፍንጫ በስተኋላ፣ አፍ ተከፍቶ በማይታይ ቦታ ደግሞ አዴኖይድ የሚባል ሥጋ አለ። ልጆች በግምት ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ እነዚህ ሥጋዎች ከጉሮሮው ስፋት አንጻር ትልቅ የሚሆኑበት ጊዜ ነው። ጉንፋን፣ አለርጂና ጭስ ደግሞ ይበልጥ ያሳብጧቸዋል።

ልጁ ቀን ላይ ነቅቶ እያለ የጉሮሮው ጡንቻዎች መንገዱን ከፍተው ይይዙለታል። እንቅልፍ ሲወስደው ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ መንገዱ ይጠባል። ለስላሳ መጠጥ በቀጭን ፕላስቲክ ሲጠጣ አይታችኋል? በኃይል ሲሳብ ፕላስቲኩ ግድግዳና ግድግዳው ይጣበቃል። የልጁም ጉሮሮ እንዲሁ ነው። ማንኮራፋቱ አየር በጠበበ መንገድ ሲያልፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። መንገዱ ጭራሽ ሲዘጋ ድምፁም ይጠፋል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅን ይወርዳል። በዚህ ጊዜ አንጎል «ታፈንኩ!» ብሎ ይቀሰቅሰዋል፤ ልጁ ቃ ብሎ ይተነፍሳል፣ ይገላበጣል፣ ተመልሶ ይተኛል። ዓይኑን ስላልገለጠ እናቱ የተኛ ይመስላታል። ይህ በአንድ ሌሊት ውስጥ በተደጋጋሚ፣ በከፋ ጊዜ በየሰዓቱ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ጠዋት የሚነሣው ልጅ ዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ ውሏል፤ አንጎሉ ግን አላረፈም። ስሜትን የሚገራው፣ «ተው፣ ታገሥ» የሚለው የአንጎል ክፍል የሚታደሰው በደህና እንቅልፍ ነው። እሱ ሳይታደስ ሲቀር ትንሽ ነገር ያስለቅሳል፣ ትንሽ ነገር ያናድዳል፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ያጣል። አዋቂ እንቅልፍ ሲያጣ ያንቀላፋል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይማታል። ለዚህ ነው «ባለጌ» የምንለው።

በዚህ ላይ ሁለተኛው መንገድ ይጨመራል። እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ትምህርት አይገባውም፤ ስለማይገባው ይሰደባል። በእንቅልፍ የሚታፈን ልጅ አልጋ ላይ ሊሸና ይችላል፤ ስለሸና ይሳቅበታል፣ ይገረፋል። የተኛበት አጎዛ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጎረቤት ያያል። እስቲ ንገሩኝ፣ ሌሊት በአየር እጦት፣ ቀን በውርደት የሚያልፍ ልጅ እንዴት ፊቱ አይጠቁር?

■ እኛ ደጋ ላይ ነን

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ቦቆጂ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ለምዶታል፤ ጤነኛ ልጅ አይቸገርም። ዓለም የደራርቱ ቱሉን፣ የቀነኒሳ በቀለን፣ የጥሩነሽ ዲባባን ሳንባ የሚያደንቀው ከዚሁ ደጋ ስለወጡ ነው።

ነገር ግን ትንፋሹ ለሚቋረጥ ልጅ ጉዳዩ ይለያል። ከሞላ ጎተራ የጎደለና ከጎደለ ጎተራ የጎደለ እኩል አይደለም። ዝቅ ካለ ኦክስጅን የጀመረ ልጅ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ሲያዝ ቶሎ ይወርዳል። ሲከፋ ደግሞ በልብና በሳንባ መካከል ያለው የደም ግፊት ይጨምራል፤ ልብን ይጎዳል።

ጭሱንም አትርሱ። በጭላሎና በካካ ሥር ሌሊቱ ብርድ ነው። በር ይዘጋል፣ ኩበት ይነድዳል፣ ልጆች ምድጃው አጠገብ ይተኛሉ። ያ ጭስ የልጁን አፍንጫና ጉሮሮ ከውስጥ ያሳብጣል። ድህነቱን ለናንተ ለመንገር አይደለም፤ ሁላችንም ያደግንበት ቤት ነው። ግን ልጁ ከምድጃው ርቆ ቢተኛ፣ ምግብ ሲበስል በር ወይም መስኮት ቢከፈት፣ ቤት ውስጥ ሲጋራ ባይጨስ፣ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትማ ሌላ ጉድ ነው፤ እሱ ባንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል።

■ «ይሄ የፈረንጅ አዲስ በሽታ ነው» ለምትሉኝ

አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ዊልያም ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «ደደብ» ተብለው ወደ ኋላ የቀሩ ተማሪዎችን ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ፣ ሌሊት የሚያንኮራፉና እረፍት የሌላቸው፣ ራስ ምታት የሚያማቸው ልጆች አሉ፤ አፍንጫና ጉሮሯቸው ይታይ አለ። ልጅ ደደብ ተብሎ ከመተው በፊት ጉሮሮው ይመርመር ከተባለ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1976 ክርስቲያን ጊየሚኖ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ከባልደረቦቹ ጋር ትንፋሻቸው በእንቅልፍ የሚቋረጥ ስምንት ልጆችን መዝግቦ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና በብሪታንያ ከ11,000 በላይ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ደግሞ በትንንሽነታቸው የሚያንኮራፉ፣ በአፍ የሚተነፍሱና ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ልጆች በሰባት ዓመታቸው የባሕርይና የስሜት ችግር የመታየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ40 እስከ 100 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ።

ድባቴን በተመለከተም በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በእንቅልፍ የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ የድባቴ ምልክት እንደሚበዛባቸው፣ ከታከሙ በኋላም የብዙዎቹ ስሜት እንደሚሻሻል ደጋግመው አሳይተዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። «ሁሉም ያዘነ ልጅ ቶንሲሉ ይውጣ» እያልኩ አይደለም። ልጅ እናቱ ሞታበት ያዝናል። ወላጆቹ ሲጣሉ ያዝናል። ተደፍሮ፣ ተደብድቦ፣ ተርቦ፣ ተፈናቅሎ ያዝናል። እነዚህን ምንም ቀዶ ሕክምና አይፈታቸውም። እኔ የምለው እንቅልፍ ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ እንዲያውም ለመጠየቅ ቀላልና ብዙ ጊዜ የሚታከም ስለሆነ መጀመሪያ ይግባ ነው።

■ በየቀኑ የምሰማቸው ሰበቦች

1ኛ. «ጥልቅ እንቅልፍ ስለተኛ ነው የሚያንኮራፋው።»

ተቃራኒው ነው። ጉንፋን ሲይዘው ለጥቂት ቀን ቢያንኮራፋ አያስጨንቅም። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ጉንፋን ሳይኖርበት የሚያንኮራፋ ልጅ ግን መታየት አለበት።

2ኛ. «እንደ አባቱ ነው።»

ሊሆን ይችላል፤ የጉሮሮና የመንጋጋ አፈጣጠር ከወላጅ ይወረሳል። ግን የሚጥል በሽታም፣ ስኳርም በዘር ይመጣል። ከአባት መጣ ተብሎ የሚተው በሽታ የለም። እንዲያውም አባትየውም ይመርመር!

3ኛ. «ሲያድግ ይተወዋል።»

ይህ ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን 464 ልጆች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው ወዲያው ወጣ። ግማሾቹ ሰባት ወር በክትትል ቆዩ። ከሰባት ወር በኋላ ከታከሙት 79 በመቶው የእንቅልፍ ምርመራቸው ጤነኛ ሆነ። ካልታከሙትም 46 በመቶው በራሳቸው ተሻላቸው። በአንድ የትኩረት ፈተና ላይ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በባሕርይ፣ በቀን እንቅልፍና በኑሮ ደስታ ግን የታከሙት በግልጽ በለጡ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ቀለል ያለ ችግር ያለበትን ልጅ እየተከታተሉ መጠበቅ ይቻላል፤ ሁሉም ቢላ አይፈልግም። ግን «መጠበቅ» ማለት በሐኪም ዓይን ሥር መጠበቅ ነው። ልጁ በክፍል እየወደቀ፣ ከጓደኛ እየራቀ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ ዓመታት ማሳለፍ መጠበቅ አይባልም። መተው ነው የሚባለው። ቶንሲሉ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቢያንስም ከአራት ዓመት በፊት «አልችልም» ብሎ የተወውን ትምህርት ማን ይመልስለታል?

4ኛ. «እንጥሉን እናስቆርጠው።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በእንጥል ቆራጭ እጅ፣ ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም ብረት፣ ያለ ማደንዘዣ እንጥል መቁረጥ፣ በጣት ወይም በጥፍር ቶንሲል መቧጠጥ፣ መፍትሔ አይሆንም። የልጁን መንገድ የዘጉት ቶንሲልና አዴኖይድ ናቸው፤ እንጥሉ ምን አደረገ? ቆራጩ አዴኖይዱን አያየውም፣ አይደርስበትምም። የሚያተርፈው ደም መፍሰስ፣ ቴታነስ፣ የደም መመረዝ፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ነው። ጠባሳው ደግሞ መንገዱን ይበልጥ ሊያጠበው ይችላል። የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥን በስም ጠርቶ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር አስቀምጦታል።

5ኛ. «ልጅ ምን ድባቴ አለው? በልቶ ያደረ!»

ልጅ ድባቴ ይይዘዋል። ግን እንደ አዋቂ «ከፋኝ» ብሎ አይነግራችሁም። የልጅ ድባቴ ብዙ ጊዜ በንጭንጭና በቁጣ ነው የሚገለጠው። የሚወደውን ጨዋታ ይተዋል። ሆዴን፣ ራሴን ይላል፤ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። ምግብ ይቀንሳል ወይም ያለልክ ይበላል። «እኔ አልረባም»፣ «ማንም አይወደኝም» ይላል። ይህን ጥጋብ ብለን ስንገርፈው በሽታው ላይ በሽታ ጨመርንበት።

6ኛ. «እዚህ ምን መመርመሪያ አለ?»

በአንድ ሌሊት ትንፋሽን፣ ኦክስጅንንና የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ሙሉ የእንቅልፍ ምርመራ በአብዛኛው የአገራችን ሆስፒታል እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። እውነት ነው። ግን እናንተ ዘንድ ያለው መመርመሪያ በብዙ የፈረንጅ ቤት የለም! እዚያ ልጁ ለብቻው ክፍል፣ በር ተዘግቶበት ነው የሚያድረው። የእኛ ልጅ ከእናቱ፣ ከአያቱ፣ ከወንድሙ ጎን ይተኛል። ትንፋሹ ሲቋረጥ የሚሰማ ጆሮ አጠገቡ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ልጅ ግን አልደበቀም። ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ይነግረናል፤ እኛ ነን «እንቅልፍ ላይ ነው» ብለን የምንስቅበት።

■ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ

ልጁ ከተኛ ከአንድና ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ሊነጋጋ ሲል ተነሥታችሁ እዩት። ደረቱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ በባትሪ ብርሃን፣ በስልካችሁ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ድምፁም ይሰማ። ያንን ቪዲዮ ለሐኪም አሳዩ። ልጁ ቀን ላይ ነቅቶ ምርመራ ክፍል ሲገባ ደህና ነው የሚተነፍሰው፤ እኛ ሐኪሞች የምንሳሳተው ለዚህ ነው። ቪዲዮው የማናየውን ሌሊት ያሳየናል።

የምትፈልጓቸው ምልክቶች፦

✔ በየሌሊቱ ማንኮራፋት፣ አፍ ከፍቶ መተኛት
✔ ትንፋሽ ቆም ብሎ ከዚያ ቃ ብሎ መጀመር
✔ ሲተነፍስ ደረትና ሆድ በተቃራኒ መንቀሳቀስ፣ ከአንገት በታች ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ መግባት
✔ አንገትን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ተቀምጦ መተኛት፣ በብርድ ሌሊት እንኳ በላብ መጠመቅ
✔ ሽንት ተቆጣጥሮ የነበረ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት
✔ ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ለመነሣት መቸገር
✔ ክብደትና ቁመት አለመጨመር (የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው)፤ ወይም በተቃራኒው ከመጠን ያለፈ ውፍረት
✔ ቀን ላይ ንጭንጭ፣ ቁጣ፣ መገለል፣ ትምህርት ላይ ማሽቆልቆል

ሳትዘገዩ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም የምትሄዱት፦ ልጁ ተኝቶ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ነቅቶ እያለም ለመተንፈስ የሚታገል ከሆነ።

ልጁ «ብሞት ይሻላል» ካለ ወይም ራሱን ለመጉዳት ከሞከረ ደግሞ የቶንሲሉን ነገር ተዉትና በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ብቻውን አትተዉት። የልጅ ወሬ ነው ብላችሁ አትናቁ።

■ ሕክምናው ምን ይመስላል?

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ አትሂዱ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አንገት በላይ ሐኪም። ችግሩ ቀላል ከሆነ የአፍንጫ ስፕሬይ፣ የአለርጂ ሕክምና፣ ከጭስ መራቅ ሊበቃ ይችላል። ውፍረት ካለ ክብደት መቀነስ። ቶንሲልና አዴኖይድ ትልልቅ ሆነው እንቅልፉን ከጎዱት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ዋናው መፍትሔ ነው። «ቶንሲሉ ከወጣ በሽታ መከላከያ አይኖረውም» ይባላል፤ ሰውነት ሌሎች ብዙ የመከላከያ ቦታዎች ስላሉት ለዚህ ተብሎ የሚያስፈልግ ሕክምና አይቀርም። እርግጥ ቀዶ ሕክምና አደጋ የለውም አልልም፤ በተለይ የደም መፍሰስ በጥቂት ልጆች ላይ ይከሰታል። ሐኪሙን ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስለ መድኃኒት አራት ማስጠንቀቂያ አለኝ፦

🔴 ለሚያንኮራፋ ልጅ «በደንብ ይተኛ» ብላችሁ የእንቅልፍ ክኒን ወይም የሚያስተኛ ሽሮፕ በራሳችሁ አትስጡ። የላላውን ጉሮሮ ይበልጥ ያላላዋል።

🔴 ሞንቴሉካስት የሚባለው የአለርጂና የአስም መድኃኒት አንዳንዴ ለዚህ ችግር ይታዘዛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ መድኃኒት ስሜትን ሊያውክ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊያመጣ እንደሚችል የመጨረሻውን ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ልጁ ድሮውንም ከከፋው ለሐኪሙ ተናገሩ። ከጀመረ በኋላ ባሕርዩ ከተለወጠም ወዲያው አሳውቁ።

🔴 ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሕመም ኮዴይን ወይም ትራማዶል ለልጅ አይሰጥም። ይህ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል። ኮዴይን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ አንዳንድ ሰው ግን በዘረመሉ ምክንያት በጣም ፈጥኖ ይለውጠዋልና ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ሥራ የሚያፋጥን የተባዛ ዘረመል ነበራቸው። ከአውሮፓውያን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ለልጄ ያዘዛችሁት የሕመም ማስታገሻ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

🔴 ልጁ ለልብ ተብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስድ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳታቋርጡት! እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልቡን ይጠብቅለታል። እኔ የምለው አንቲባዮቲክ ኢንፌክሽንን ያክማል እንጂ መንገድ የዘጋ ቶንሲልን አያሳንስም ነው።

ከሕክምና በኋላም ክትትል አይቅር። ሌሊቱ ተስተካክሎ ሐዘኑ ካልለቀቀው ድባቴው ራሱን ችሎ ይታከም። ቶንሲል ስለወጣ ብቻ የተሰበረ ልብ በአንድ ሌሊት አይጠገንም። «ሰነፍ» ሲባል የኖረ ልጅ እንዳልሰነፈ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

■ ለመምህራንና ለሥራ ባልደረቦቼ

መምህራን ሆይ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ሥራችሁ ከባድ ነው። ግን ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚተኛ ልጅ ስታዩ ከዱላው በፊት ለወላጁ አንድ ጥያቄ ላኩ፦ «ሌሊት ያንኮራፋል ወይ?» ይህች ጥያቄ አንድን ልጅ ከትምህርት ቤት ከመቅረት ልታድነው ትችላለች።

ባልደረቦቼ፣ ረጅሙን ሰልፍ ስለማውቀው አልፈርድባችሁም። ነገር ግን «ቶንሲል» ብለን ጽፈን ስናበቃ አንድ መስመር እንጨምር፦ «እንቅልፉስ?» የአእምሮ ጤና ክፍል የምትሠሩም፣ ለልጅ የድባቴ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት አፉን አስከፍታችሁ ጉሮሮውን እዩ። አንገት በላይ የምትሠሩም፣ ጉሮሮውን ካያችሁ በኋላ ፊቱንም እዩ። ልጁን ከአንገት በላይና ከአንገት በታች፣ ሥጋና አእምሮ ብለን የከፋፈልነው እኛ ነን። እሱ አንድ ልጅ ነው።

አባቶች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። «ሰነፍ» ብላችሁ የገረፋችሁት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሥራው መተንፈስ ነበር። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ በሉና አምስት ደቂቃ ብቻ አዳምጡት። ደህና ከሆነ እሰየው፤ አምስት ደቂቃ ከልጃችሁ ጋር አሳለፋችሁ። ደህና ካልሆነ ግን ነገ ጠዋት ዱላውን ጥላችሁ እጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ በአካል ቀርቦ መመርመርን አይተካም። የሚያንኮራፋ ልጅ ላለው ዘመድ፣ ለጎረቤትና ለመምህር አጋሩት።

ለልጆቻችሁ ሰላማዊ እንቅልፍ ይሁንላቸው።